ላላ ያለ ሹሩባ፣ ቢጫ አበባ

የእኔ ሹሩባ አይፈታም። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ላስ ቬጋስ ያለ አበሻ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ባለፀጉሯ ራሷ መቀስ ይዛ ካልተነሳችበት በቀር ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ተሠራ ይቀመጣል። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ "ስትጨርሺ ቅንድቧ ከፍ ካላለ አልሠራሻትም" ትለኝ ነበር። እኔም ዲቪ ደርሶኝ ከአዲስ አበባ ስመጣ ይሄን ምክር ከፓስፖርቴ እኩል ይዤ መጣሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወጥ ቤቴ ውስጥ ትራስ መሬት ላይ ጥዬ የሰው ልጆችን ሹሩባ እሠራለሁ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ የጓደኛዬ ልጅ ነበረች። እናቷና እኔ አንድ ሆቴል፣ አንድ ሺፍት ነን። ልጅቷን ከአራት ዓመቷ እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ በየሁለት ሳምንቱ ሠርቻታለሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም። ታዲያ ታለቅስ ነበር። ሲያማት እጇን ከጆሮዋ በላይ ወዳለው ቦታ ትልካለች፣ እኔ ደግሞ በሚዶው ጀርባ ጣቷን ነካ አደርጋለሁ። እናቷ ድስቴን እያማሰለችልኝ "እባክሽ ጠበቅ አድርጊው፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ናት" ትለኛለች። "ዝም በይ፣ የሚያምረው ሲያም ነው" እላለሁ እኔ ለልጅቷ። ስጨርስ ዓይኗ ወደ ላይ ተስቦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ስትነሳ ሁለታችንም "ውይ ስታምሪ!" ብለን እናጨበጭብላታለን።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ይቺው ልጅ ደወለችልኝ። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሰመርሊን የሚባል ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፤ እጮኛዋም ከደሴ የመጣ ሳቂታ ልጅ ነው። አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው፣ "እርስዎ" የሚባለው ነገር ከነጭራሹ አልፈጠረባትም። ከልጅነቷ ጀምሮ "አክስቴ፣ አንቺ" ስትለኝ እኔም ለምጄዋለሁ።

"አክስቴ፣ ለሰርጌ ፀጉሬን አንቺ ትሠሪልኛለሽ?"

"ማን ሊሠራልሽ ኖሯል ታዲያ?" አልኳት። የተቆጣሁ መሰልኩ እንጂ ልቤ ሊፈነዳ ነበር።

"ግን አበባ ነው የምፈልገው። እውነተኛ አበባ። እዚህና እዚህ።"

በስልክ ውስጥ "እዚህና እዚህ" የቱ ጋ እንደሆነ እንዴት ይታየኛል? ቅዳሜ ነይና አሳዪኝ አልኳት።

መጣች። የማያት ሁልጊዜ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ግንባሯ ላይ አስራ ነው፤ ፋሽን ይመስለኝ ነበር። ወጥ ቤቴ መሀል ቆማ ማሰሪያውን አወለቀች። ከሁለቱም ጆሮዎቿ በላይ፣ ግንባሯ ጎንና ጎን፣ አራት ጣት የሚያህል ቦታ ፀጉር የለበትም። ሳሳ ያለ እንዳይመስላችሁ። ባዶ ነው። እንደ እጅ መዳፍ ልሙጥ።

"ሐኪም ጋ ሄድኩ" አለችኝ። "ሥሩ ሞቷል አለኝ። ልጅ ሆነሽ ሹሩባው በጣም ሲጠብቅ፣ ብዙ ዓመት ሲጎተት፣ እንደዚህ ይሆናል አለ። አሁን አይበቅልም።"

ይሄን ስትለኝ ድምጿ ውስጥ ወቀሳ የለም። ነገ ንፋስ ይኖራል እንደሚል ሰው ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ትራስ ላይ የጎተተው እጅ የማን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፈትኩና የወጣው ግን "ሻይ ላፍላልሽ?" የሚል ነው። ፈሪ! ሻይ አፈላሁ። ስኳሩን ከብርጭቆው ይልቅ ምድጃው ላይ በተንኩት።

ሻዩን እየጠጣች ነገሩን ነገረችኝ። እናቷ ለሰርጉ ዊግ ገዝታላታለች፣ ያውም ውዱን። እሷ ግን ዊግ አትወድም። የምርቃቷ ቀን ነፋስ ተነስቶ የያኔውን ዊጓን ወደ ኋላ ሸርተት ሲያደርገው ሰው ሁሉ ቆብ ሲወረውር እሷ ጭንቅላቷን ይዛ ቆማ ቀርታለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ምርቃት፣ ልደት፣ የጓደኛ ሰርግ፣ ቀለበት ያሰረችበት ቀን። በሁሉም ላይ ትስቃለች፣ በሁሉም ላይ አንድ እጇ ከጆሮዋ በላይ ተለጥፏል።

"እያት አክስቴ። ሁሌ አንድ እጄ እዚህ ነው። ሰርጌ ቀን በሁለት እጄ መጨፈር ነው የምፈልገው። በቃ።"

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው እንዲህ ትንሽ ነገር መሆኑ እኔን ይበልጥ አበሳጨኝ። በልቤ እንግዲህ ሞቼ ነው ይሄ የማይሆነው አልኩ።

አሁን ችግሩን ስሙ። አበባ ፀጉር ላይ የሚያዘው በፒን ነው፤ ፒን ደግሞ የሚይዘው ፀጉር ይፈልጋል። ባዶ ቦታ ላይ ምኑን ይይዛል? በማስቲሽ አይለጠፍባት ነገር! አንድ ሳምንት ሳስብ ከረምኩ። በመጨረሻ እሾህን በእሾህ አልኩ። ከኋላ ካለው ደህና ፀጉሯ ቀጫጭን ሹሩባዎች ሠርቼ፣ ወደ ፊት አምጥቼ በባዶው ቦታ ላይ አሳልፋቸውና እንደ አጥር አደርጋቸዋለሁ። አበባዎቹን ደግሞ በመርፌና በክር ሹሩባው ላይ እሰፋቸዋለሁ። ሂውማን ሄር የሚሉትን ቅጥያ ፀጉር ስንት ሰው ላይ ሰፍቻለሁ፣ አበባ ምን ያቅተኛል?

የሚያቅተኝ ሌላ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከተጎተተ ቀሪውም ይሄዳል ብሏታል። ስለዚህ ሹሩባው ላላ ማለት አለበት። እኔ ደግሞ ላላ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም! ሥራ ስገባ ሲያዩኝ "የእሷ እጅ" እያሉ የሚያደንቁኝ ሴት፣ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ ፀጉር ላላ ያለ ሹሩባ መለማመድ ጀመርኩ። እጄ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ ላላ አድርጌ አራተኛው ላይ ሳላውቀው ጭምድድ ያደርገዋል። "ኧረ ልቀቅ!" እያልኩ የገዛ እጄን እመታለሁ። ባለቤቴ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብሎ "ከማን ጋ ነው የምትጣዪው?" አለኝ። "ከአክስቴ ጋ" አልኩት። አክስቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ቀስ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

እጄ ሲገራ አበባውን ራሴ ላይ ልሞክር ወሰንኩ። የትኛው አበባ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳላውቅ የሰው ልጅ ሰርግ ላይ አልፈርድም። መጀመሪያ ቀን ጽጌረዳ ራሴ ላይ ሰፍቼ ሥራ ገባሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን ደፍቶ ጆሮዬ ላይ ተኝቷል። በማግስቱ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውን ቢጫ አበባ፣ ጽጌረዳ መሀል ከሚሰካው ደቃቅ ነጭ አበባ ጋር አድርጌ ሞከርኩ። ግንዷን አሳጥሬ፣ ጫፏን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ። ስምንት ሰዓት ሙሉ አልጋ ሳነጥፍ፣ ገንዳ ስፈትግ፣ ፎጣ ስሸከም ንቅንቅ አላለችም። የሥራ ጓደኞቼ "ልታገቢ ነው እንዴ?" እያሉ አላገጡብኝ። "አዎ፣ ያን ሽማግሌ ልፈታው ነው" አልኳቸው።

የቀረው ጭፈራ ነው። ሰርግ ያለ እስክስታ የለም፤ እስክስታ ደግሞ አንገት ነው። አንድ ክፍል ላጸዳ ገብቼ ምንጣፍ የሚጠርገውን ቫኪዩም አስነስቼ ተውኩትና፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሜ ወረድኩት። ትከሻ፣ አንገት፣ ደረት፣ አንዳች አላስቀረሁም። አበባዬን እያየሁ "ጎሽ! ጎሽ!" እላለሁ። ቀና ስል የክፍሉ እንግዳ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ አጨበጨበችልኝ። አበባዋ አልወደቀችም። ፈተናውን አለፈች አልኩ።

ፋሲካ አልፎ የሰርጉ ዕለት ጎህ ሲቀድ እናትየው ቤት ደረስኩ። አበባዎቹን ከዋዜማው ጀምሮ ጋራዥ ካለው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪልኝ ብያት ነበር። ፍሪጁን ስከፍት አናቴ ዞረ። አበባዎቼን ከቁሌቱ በላይ አስቀምጣቸዋለች! ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ሁሉም ገብቶባቸዋል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?" ብዬ ጮኩ።

"ታዲያ የት ላድርጋቸው? ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆኖብኛል፣ አንቺ ደግሞ..."

ሙሽራዋ በፒጃማ ወጥታ አበባዎቹን አሸተተች። ሳቋ ሲፈነዳ ጋራዡ አስተጋባ። "ዶሮ ወጥ! አክስቴ፣ ዶሮ ወጥ ይሸታል!" እየሳቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷም ጀመረች፣ እኔም ጀመርኩ። ቀዝቃዛ ውሃ እየረጨን በረንዳ ላይ ለንፋስ ሰጠናቸው፤ ትንሽ ቆይቶ ሽታው ወጣላቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ ትንሽ ቅቤ ቀርቶባቸዋል፣ ግን ቅቤ ለአበሻ ራስ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ትራስ ጣልኩና ተቀመጠች። ድሮ በተቀመጠችበት ሁኔታ፣ ጉልበቴ መሀል። ልጅ ሆና የማውቀው ማጅራቷ ፊቴ መጣ። በግራ በኩል የመጀመሪያውን ሹሩባ ጨርሼ፣ በባዶው ቦታ ላይ አሳልፌ፣ አበባዎቹን አንድ በአንድ ሰፋሁ። ወደ ቀኙ ስዞር ጣቴ ያንን ልሙጥ ቆዳ ነካና እጄ ቆመ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ልጄ" አልኳት። "ይሄን ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ተጎትቷል ያለውን የጎተትኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብትሽን ጣልኩብሽ። ይቅር በዪኝ።"

ከኋላችን ቀሚሱን ስትተኩስ የነበረችው እናቷ ካውያውን አስቀመጠች። "ምን ማለትሽ ነው? ጠበቅ አድርጊው ስልሽ የነበርኩት እኔ አይደለሁ?"

"አንቺ ብትዪስ፣ እጁ የማን ነው?"

"ልጅቷስ የማን ነች? እናቷ ማን ነው?"

"አንቺ ሹሩባ ምን ታውቂና ነው! ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ!"

"እኔ ነኝ እልሻለሁ!"

ሁለት በዕድሜ የገፋን ሴቶች ጥፋት እየተሻማን፣ እንባችን በጉንጫችን እየወረደ። ሙሽራዋ ዞር ሳትል እጇን አነሳች።

"ኧረ ሁለታችሁም ዝም በሉ! ዛሬ ሰርግ ነው። ማልቀስ ከፈለጋችሁ ሰኞ ኑ።" ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረችልኝ፦ "አውቃለሁ እኮ አክስቴ። ከአንቺ ሌላ ማን ሠርቶኝ ያውቃል?"

"ታዲያ ለምን እኔው ጋ መጣሽ?"

"ጭንቅላቴን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

አፍንጫዬን በክንዴ ጠርጌ ቀኙን ጀመርኩ፤ ላላ፣ ላላ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። ልጨርስ ስል እናትየው ጎንበስ ብላ አየችና "እንዳይወድቅ እንኳ ትንሽ ጠበቅ..." ብላ የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። ሦስታችንም ሳቅን። አላጠበቅኩም።

መስታወት ፊት ስትቆም ከሁለቱም ጆሮዎቿ በላይ ቢጫና ነጭ አበባ ተደርድሯል፣ መሀሉ የራሷ ፀጉር፣ ከኋላ እስከ ትከሻዋ የተለቀቀ። ዊጉ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። እናቷ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ።

ቤተ ክርስቲያን በሰላም አለፈ። ፎቶ ለመነሳት ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦልደር ሲቲ ሄድን፤ እዚያ ያለው ነፋስ የሰው ቬሎ ይነጥቃል። ቬሎው ወደ ሰማይ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አበባዎቹ አሉ። እሷ ግን ካሜራው በተነሳ ቁጥር አንድ እጇ ከፍ ይልና፣ ትዝ ሲላት ይወርዳል። አበባው ይዟል፣ እጇ ገና አላመነም። እኔም ከካሜራው ኋላ ቆሜ "እጅሽን! እጅሽን!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ድግሱ ዋተር ስትሪት የሚባል መንገድ አካባቢ ባለ አዳራሽ ነበር። መርፌና ክር ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፣ ምግቡም አልተበላልኝም። እስክስታው ተጀመረ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቷ ሲወዛወዝ ትንፋሼን ይዤ አየሁ። አንዲት አበባ አልተነቃነቀችም። የወሎው መጣ፣ የጎንደሩ መጣ፣ አለፈች። አሁን ገና ጥብሱን አንድ ጊዜ ጎረስኩ።

ጉራጊኛ መጣ።

ወይኔ ሞኟ! እስክስታን አስቤበት ነበር፤ ጉራጊኛን አላሰብኩበትም። እዚያ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንዴ እንኳ አልዘለልኩም። ሙሽሮቹ መሀል ገብተው መሬቱን ሲደልቁት፣ ጉልበት ደረት ሲደርስ፣ በግራ በኩል ሹሩባዋ ሲላላ ከወንበሬ ሆኜ ይታየኛል። ሦስተኛው ዝላይ ላይ ሹሩባው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ክሩም ተበጥሶ አበባዎቹ እንዳሉ ወለሉ ላይ ወደቁ። ያ ባዶ ቦታ በአዳራሹ መብራት ውስጥ ለሰው ሁሉ ወጣ።

እናቷ አፏን ይዛ ቀረች። ጭብጨባው ሳሳ። እኔ መርፌዬን ይዤ እየሮጥኩ ነው። እጇ ሲነሳ አየሁ፤ ያንን እጅ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወደ ጆሮዋ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆመ። ወረደ። ጎንበስ ብላ አበባውን ከወለሉ አነሳችና ወደ እኔ መጣች።

"ነይ ቶሎ፣ ወደ ጥግ እንሂድና ልስፋልሽ" አልኳት መርፌውን እያሳየኋት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አበባውን እኔ ራስ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ፀጉሬ ውስጥ ሻጥ አደረገችው። ከዚያ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ ከሙዚቃው በላይ ጮኻ እንዲህ አለችኝ፦

"አክስቴ፣ ዛሬ አላመመኝም እኮ!"

ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ መሀል አስገባችኝ። እኔ ያልተለማመድኩትን ጉራጊኛ፣ መርፌው እጄ ላይ እንዳለ፣ እያለቀስኩና እየሳቅኩ ዘለልኩት። ለሳምንት ጉልበቴን ይዤ ነው ሥራ የገባሁት።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ። እናቶች "ጠበቅ አድርጊልኝ" ሲሉኝ "ሌላ ቤት ሂዱ" እላቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ሄደዋል፣ ይቅናቸው። ባለፈው ወር ሙሽሮቹ አዲሱ ቤታቸው ጠርተውኝ ሰመርሊን ሄድኩ። ፎቶ አንሺው የቦልደር ሲቲውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ ስንት የሚያምር ፎቶ ሰጥቷቸው ነበር። ሳሎናቸው ላይ ትልቅ አድርገው የሰቀሉት ግን የጉራጊኛውን ነው። በቀኝ በኩል አበባ አለ፣ በግራ በኩል ምንም የለም፤ ሁለቱም እጆቿ ግን አየር ላይ ናቸው።